ፎጣም ምላጭም ለየራስ፦ ዶርም ለምትገቡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ከቤት ወጥታችሁ ዶርም የምትገቡ ብዙ ናችሁና ይህችን ለእናንተ ጻፍኩ። በሶውንም ዳቦ ቆሎውንም አብራችሁ ብሉ፤ ደብተርም ተዋዋሱ። ፎጣ፣ ምላጭ፣ ማበጠሪያ፣ የገላ መፋቂያና ቅባት ግን ለየራሳችሁ ይሁን። በቆዳ ሕክምና በኖርኩበት ዘመን እንዳየሁት፣ ብዙ ወጣት አደጋውን እያወቀም ይሉኝታ ይዞት ይታመማል። ጓደኛው «እስቲ ፎጣህን» ሲለው እምቢ ማለት ንፉግነት ይመስለዋል።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳስበኝ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ቅባት ነው። አንዷ ለችፌዋ የታዘዘላትን ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል «እኔን አድኖኛል» ብላ ጭርት ለወጣባት ጓደኛዋ ትሰጣለች። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ናቸው። መቅላቱንና ማሳከኩን ስለሚያበርዱ ልጅቷ ለጥቂት ቀን የዳነች ይመስላታል። ጭርቱን ያመጣው ፈንገስ ግን የቆዳው መከላከያ ስለተዳከመለት ይስፋፋል፤ በሽታውን የምንለይበት ክብ ጠርዝም ይደበዝዝና እኛን ሐኪሞችን ሳይቀር ያሳስታል። ፊት ላይ ሲዘወተር ደግሞ ቆዳ ይሳሳል፣ ብጉር ይወጣል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ። ፊት ያጠራል እየተባለ በሚሸጥ ክሬም ውስጥም ይኸው ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ፣ ለሌላ ሰው የታዘዘ ቅባት አትቀቡ።

ምላጭ ላይ ምንም ድርድር የለኝም። ስትላጩ ዓይን የማያየው ጭረት ይኖራል፤ ጉበትን የሚያጠቃው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ደግሞ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል። ፀጉር ቤት ስትገቡም አዲሱ ምላጭ ከወረቀቱ ሲወጣ እዩ። ቆረቆር በቶንዶስና በማበጠሪያ ስለሚተላለፍ ቶንዶሱ እንዲጸዳላችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

እከክ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትሸማቀቃላችሁ። ንጹሕ ሰውም ይይዘዋል። የምታመጣው በጣም ትንሽ ተባይ ናት፤ ቆዳ ፈልፍላ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2015 ከደረሰው ድርቅ በኋላ በአማራ ክልል በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር በሽታዎች ጋር መድቦታል። በብዛት የሚተላለፈው ገላ ለገላ በመነካካት ቢሆንም፣ ተባይዋ ከሰው ወጥታ እስከ 3 ቀን ልትቆይ ስለምትችል በአንሶላ፣ በልብስና በፎጣም ይጋባል። መጀመሪያ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ሳያውቀው ለሌላው ያስተላልፋል። ሌሊት ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ዙሪያ የሚያሳክክ ነገር ካያችሁ ቶሎ ታዩ።

እዚህ ላይ መደበቅ ዋጋ ያስከፍላል። ለብቻው ተደብቆ የታከመ ልጅ ካልታከመው የክፍሉ ልጅ መልሶ ይያዛል። ስለዚህ የታመመው ይናገር፤ የሰሙትም አያሽሙሩበት። ተያይዛችሁ ግቢው ውስጥ ወዳለው ክሊኒክ ሂዱ፤ ሁላችሁም በአንድ ምሽት ተቀቡ፤ በታዘዘላችሁ ቀንም ድገሙት። አንሶላና ልብሱን በሙቅ ውኃ እጠቡ፤ የማይታጠበውን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ከ3 ቀን በላይ አቆዩት። ከታከማችሁ በኋላ ማሳከኩ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቆይ አትደንግጡ፤ ከታዘዘላችሁ በላይም እየደጋገማችሁ አትቀቡ። ከወር ካለፈ ግን ተመለሱና ታዩ።