ቦዩም ችግኙም የሰፈሩ ነው፦ ከወሎ ከተሞች ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በቅርብ ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም የምንኖርባቸው ከተሞች ንጹሕና ለመጪው ትውልድ የሚተርፉ እንዲሆኑ ጎረቤት ከጎረቤት ጋር ተባብሮ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። የሚቀራረቡትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያለሁ፤ ሰፊ ማብራሪያ ለሚሹት ሰፋ አድርጌ፣ ለቀሩት ደግሞ ባጭሩ መልሻለሁ።

«የምንኖረው ደሴ ውስጥ ከተዳፋት ግርጌ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ቦዩ በፌስታልና በሃይላንድ ጠርሙስ ይደፈንና ጎርፉ ቤታችን ይገባል። ደጋግመን አመልክተናል፤ መልሱ ‹እንመጣለን› ነው። የቅሬያችን (የእድራችን) ሽማግሌዎች በበኩላቸው ‹ቅሬ ለቀብር እንጂ ለቦይ አልተቋቋመም› ይላሉ። ምን ይሻላል?»

ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ በደጃችሁ የሚያልፈው ቦይ የመንገዱን ውሃ ብቻ ሳይሆን ከተራራው የሚወርደውንም ጭምር ተሸክሞ ወደ ቦርከና የሚያደርስ ነው። ቁልቁለቱ ውሃውን ያፈጥነዋል፤ የፈጠነ ውሃ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ እንቅፋት ሲገጥመው መውጫ የሚያደርገው የሰው ግቢን ነው። ስለዚህ ማመልከቻችሁን ሳታቋርጡ፣ በእጃችሁ ያለውን ሥራ ግን ለነገ አታሳድሩት።

የሽማግሌዎቹን ስጋት አቅልዬ አላየውም። የቀብር ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ ከዋለ ሐዘን የደረሰበት ቤት ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። መፍትሔው የቅሬውን ገንዘብ ሳይነኩ የቅሬውን ሥርዓት መጠቀም ነው። ለቦዩ የተለየ መዝገብና የተለየ አነስተኛ መዋጮ ይኑረው፤ ያዥውም ሌላ ሰው ይሁን። የቅሬው ዳኛ ግን ያው ዳኛ፣ የስም መጥሪያውም ያው ይሁን፤ ከቀብር የቀረ አባል እንደሚቀጣ ሁሉ ከቦይ ጠረጋ ያለበቂ ምክንያት የቀረም በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይቀጣ። አረጋዊና ሕመምተኛ ጉልበት ባይኖራቸው ሻይና ውሃ ያቅርቡ። እኛ ወሎዬዎች ሰውን ለማሰባሰብ አዲስ ድርጅት መፍጠር አያሻንም፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ መዝገብ የተጻፈባቸው ቅሬዎች አሉን፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ሰፈር በግንቦት መጨረሻ ቦይ ሲጠረግ አብሬ ውያለሁ። ከሥሩ የወጣው ነገር ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም፤ አመድ የተሞላ ጆንያ፣ ጓደኛው ያልተገኘ የሕፃን ጫማ፣ እርስ በርሱ ተጠላልፎ እንደ ገመድ የጠነከረ ፌስታል። ቀትር ላይ የቦዩ የድንጋይ ወለል ታየ፤ እናቶች እልል አሉ። ይሁን እንጂ የወጣውን ደለል የሚያነሣ ጋሪ ስላልተዘጋጀ ቦዩ ዳር ተከምሮ ቀረ፤ በሦስተኛው ሌሊት የጣለው ዝናብም ሁሉንም ወደነበረበት መለሰው። ስለዚህ ዶማና አካፋ ከመሰብሰባችሁ በፊት ጋሪውንና ደለሉ የሚደፋበትን ቦታ አዘጋጁ። ጠረጋውን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ከበልግ ዝናብ በፊት በጥርና ከክረምቱ በፊት በግንቦት አድርጉት። ቦዩን በሲሚንቶ የምትከድኑ ከሆነ ክዳኑ በሁለት ሰው ጉልበት የሚነሣ ይሁን፤ የማይነሣ ክዳን ቆሻሻውን ይሸሽጋል እንጂ አያስወግድም። ከሁሉም በላይ ከእናንተ በላይ ካለው ሰፈር ቅሬ ጋር ሳትነጋገሩ አትጀምሩ። የላይኛው ሰፈር አመዱን ቦይ ውስጥ እየደፋ የታችኛው ቢጠርግ ድካሙ ከንቱ ነው።

«ኮምቦልቻ ውስጥ በቦርከና ዳር እንኖራለን። የወንዙ ውሃ አንዳንድ ቀን ቀለሙ ይለወጣል፤ ሽታውም ያስቸግራል። ተራ ነዋሪ መክሰስ ይችላል ወይ?»

ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን ስለሚጎዳ ድርጊት ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ ወይም አቤቱታ አቅራቢው በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ሊወስደው ይችላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44ም በንጹሕና ጤናማ አካባቢ የመኖር መብትን ለሁሉም ሰው አረጋግጧል።

መብቱ ግን ያለ ማስረጃ አቅመ ቢስ ነው። በየቤቱ ማጉረምረሙን ትታችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። ውሃው የተለወጠበትን ቀንና ሰዓት፣ ያያችሁበትን ድልድይ ወይም መሻገሪያ፣ ቀለሙን፣ ሽታውን፣ ከብት ጠጥቶ የታመመ እንደሆነም ያንኑ ጻፉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይፈርምበት፤ በስልክ ፎቶግራፍም ይደገፍ። የውሃ ናሙና መውሰድን ለባለሙያ ተዉት፤ በማንኛውም ጠርሙስ የተቀዳ ውሃ በክርክር ጊዜ ዋጋ ያጣል። አቤቱታውን ስታስገቡ ቀሪው ላይ ማኅተምና ቀን አስመቱ፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ፋብሪካ ለኮምቦልቻ እንጀራ ነው፤ የሚጠየቀውም እንዲዘጋ ሳይሆን ፍሳሹን አጣርቶ እንዲለቅ ነው። እኛም ብንሆን የሽንት ቤት ቱቦ በሌሊት ወደ ወንዝ የምንለቅ ከሆነ በአቤቱታው ላይ ለመፈረም እጃችን ይከብዳል። ቦርከና ከደሴ ተራሮች ተነሥቶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይዘልቃል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባል። በበጋ ወራት ሣር ፍለጋ ወደ ጨፋ የሚወርዱት አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡት እኛ የለቀቅነውን ውሃ ነው። ስለዚህ የደሴና የኮምቦልቻ የቅሬ ዳኞች ከከሚሴ ሽማግሌዎች ጋር በአንድ ጉባኤ ቢቀመጡ የወንዙን ነገር ከዳር እስከ ዳር ያዩታል፤ እርቅን በአበጋር ሽምግልና የሚፈጽም ሕዝብ በውሃ ጉዳይ ለመነጋገር ዕውቀት አያንሰውም።

«ፌስታል ተከልክሏል ሲባል ሰማን። እውነት ነው?» (ከኩታበር)

እውነት ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ስስ የሆኑትን ይከለክል ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ሕግ ደግሞ ክልከላውን አጠናክሮ በተጠቃሚውም ላይ ቅጣት ደንግጓል። ዘንቢሉ ከቤታችን ገና አልጠፋም፤ ወደ ገበያ ስትወጡ ያዙት።

«በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በወልድያ ዙሪያ ባሉት ኮረብቶች ችግኝ እንተክላለን። መስከረም ላይ ስንሄድ ግማሹ የለም፤ በጋ ሲያልፍ የቀረውም ደርቋል። ልጆቻችን ‹ለምን እንደክማለን› ማለት ጀምረዋል።»

ይህ ጥያቄ ልቤን ነክቶታል፤ የልጆቹ ድካም ከችግኙ መድረቅ የባሰ ኪሳራ ነውና። አገር አቀፉ የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የመትከል ልማድ በሰፊው ተስፋፍቷል፤ ይህ በጎ ነው። የጎደለን ከተተከለ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ የጎደለውም ዛሬ አይደለም። ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ የወሎ ገበሬ በምግብ ለሥራ ተሰማርቶ ተራራውን በእርከን ሸፈነው፤ ብዙ ችግኝም ተከለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፤ እርከኑም ፈረሰ። ሕዝቡ ዛፍ ጠልቶ አልነበረም፤ ዛፉ የማን እንደሆነ፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭደው፣ ጭራሮውን ማን እንደሚለቅም ማንም አስቀድሞ አልነገረውም። «የመንግሥት ደን» የተባለው መንግሥት ሲሄድ ባለቤት አልባ ሆነ።

ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ኮረብታው ከልቅ ግጦሽ ይከለል፤ ሣሩን ግን አባላቱ በተራ እያጨዱ ይውሰዱ። ከብት ያለው ሰው ሣር ካገኘ ከልሉን አያፈርስም። ጥበቃው ከሥራ አጥ ወጣቶች መካከል ይመረጥ፤ ደመወዙም ከሣር ሽያጩና ከመዋጮው ይከፈል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መቶ ችግኝ ከመስጠት ይልቅ አምስት ብቻ ይሰጠው፤ ስሙም በመዝገብ ይስፈር። ቆጠራው ሁለት ጊዜ ይደረግ፤ አንደኛው በመስከረም፣ ሁለተኛው የበጋው ሐሩር ባለፈ ጊዜ በግንቦት። በአደባባይ የሚነበበው ቁጥር የተተከለው ሳይሆን የጸደቀው ይሁን።

የዛፉ ምርጫም ያለ ምክክር አይሆንም። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፤ ለማገዶና ለአጠና የብዙ ቤት መተዳደሪያ ስለሆነ አላወግዘውም። በምንጭ ራስና በወንዝ ዳር ግን አይተከል፤ ውሃውን ይጨርሰዋል። ለተጎዳ ተዳፋት ወይራ፣ ክትክታና ግራር ይሻላሉ፤ ደጋ ለሆነው ጥድና ኮሶ፤ ለወንዝ ዳር ደግሞ ዋንዛና ሾላ። ዘር ከየት እናምጣ ብላችሁ አትቸገሩ፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆሙት ጥድና ወይራ፣ በየመስጊዱ ግቢ ያሉት ዋርካዎች ከዚሁ አፈር ጋር የተስማሙ ናቸው።

አንድ አነስተኛ ነገር ልጨምር። ችግኙ የመጣበትን ላስቲክ ሳያወልቁ የሚተክሉ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ሥሩ በላስቲኩ ውስጥ ይጠመጠምና በጥቅምት ዛፉ ቀና ብሎ እንደቆመ ይሞታል። ላስቲኩ በምላጭ ተቀድዶ ይውጣ፤ ሜዳ ላይም አይጣል፤ ለሚቀጥለው የችግኝ ጣቢያ ሥራ ይመለስ።

«በሐይቅ ከተማ አጠገብ ገበሬዎች እስከ ውሃው ጠርዝ ያርሳሉ። ዓሣውም እያነሰ ነው ይባላል። እኛ የከተማ ሰዎች ምን አገባን?»

በጣም ያገባችኋል። የሐይቅ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንቻርቃ ወንዝ የሚገባውን ውሃ ይቀበላል እንጂ አያሳልፍም። ከእርሻ ታጥቦ የገባ አፈርና ማዳበሪያ፣ ከከተማ የገባ ፍሳሽ፣ ሁሉም እዚያው ይከማቻል። በጠርዙ ያለው ፊላና ደንገል ይህን ደለል የሚያጣራና ዓሣውም የሚራባበት ቦታ ነው፤ እስከ ውሃው የሚያርስ ሰው ያንን ወንፊት እየነቀለ ነው። ሆኖም ማሳው ጠባብ የሆነበትን ገበሬ «አትረስ» ብሎ መሄድ ፍትሕ አይደለም። ጠርዙ ላይ እህል ከመዝራት ይልቅ ለከብት መኖ የሚሆን ሣርና ዘላቂ የፍራፍሬ ተክል እንዲይዝ፣ ምግብ ቤቶቻችሁም ምርቱን በውል እንዲገዙት አድርጉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ተለቅቆ የተባዛ ነው፤ ገና ያልወለደውን ጫጩት በጠባብ መረብ የሚያወጣ አሥጋሪ ገበያ እንዳያገኝ የሚያደርገው የከተማው ገዢ ነው። የገዳመ እስጢፋኖስ አባቶችም ለዘመናት የሐይቁ ጎረቤቶች ናቸውና ያለእነርሱ ምክር ስምምነት አትጻፉ።

«ግቢዬ ጠባብ ነው። የወጥ ቤት ተረፈ ምርት ምን ላድርገው?» (ከደሴ፣ አንዲት እናት)

እርስዎ የሚጥሉት አብዛኛው ነገር ማዳበሪያ ይሆናል። የተቀዳደደ ጆንያ ወይም አሮጌ በርሜል ይያዙ፤ ከሥሩ ይብሱት። አንድ ድርብ የሽንኩርትና የጎመን ልጣጭ፣ አንድ ድርብ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ፣ በላዩ ጥቂት አፈር እያደረጉ ይሙሉት፤ የቡና አተላም ይጨምሩበት። ሥጋና ቅባት አይግባበት። በ15 ቀን አንድ ጊዜ ያገላብጡት፤ በደሴ ብርድ ከአራት ወር ያላነሰ ይፈጃል።

«በባቲ የሰኞ ገበያ ሲበተን ሜዳው በእበትና በጫት ገረባ ይሞላል። ማን ያንሣው?»

ቀረጥ የሚሰበስበው አካል ኃላፊነት አለበት፤ ነገር ግን እበቱና ገረባው ለአካባቢው አትክልት አምራች ሀብት ነው። ማክሰኞ ጠዋት አንድ የወጣቶች ማኅበር ለይቶ እንዲሰበስብና እንዲሸጥ ውል ይሰጠው። ፌስታሉ ከእበቱ ጋር ከተቀላቀለ ግን ማንም አይገዛውም፤ ስለዚህ ለብቻው የሚጣልበት በርሜል ሰኞ ከማለዳ ጀምሮ ይቁም።

«ቅሬያችን ሙስሊምም ክርስቲያንም ያለበት ነው። ለሥራው የትኛውን ቀን እንምረጥ? ባለፈው ዓመት በዚህ ተኰራርፈን ቀረን።» (ከመርሳ)

መኰራረፉ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን በቀላሉ የሚፈታ ነው። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት ጋር እንዳይጋጭ፣ እሑድም እንዳይነካ፣ በየወሩ 12፣ 21 እና 29 የሚውሉት በዓላትም እንዲታለፉ የዓመቱን ሰሌዳ በመስከረም ወር ኢማሙና ቄሱ በተገኙበት አንድ ቀን ተቀምጣችሁ አውጡ። የረመዷን ወር በየዓመቱ ስለሚዞር ያን ወር ከባድ ቁፋሮ አታድርጉበት፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ ሥራው ከማለዳው 1 ሰዓት ተጀምሮ ከቀትር በፊት ይብቃ። የገበያ ቀንም አይሁን። ሥራው ሲጀመር እንደ ወዳጃ (የጋራ ጸሎትና ምርቃት) ሥርዓት ሁለቱም ወገን በየተራ ይመርቁ፤ ቡናው ለቦዩ ቅርብ ከሆነው ቤት ይፈላ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ከማዶው።