ስለ ብራውዘር ክፍተት የጠየቃችሁኝ

«ስለ ብራውዘር ደህንነት ያልገባችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ብራውዘር ማለት እንደ ክሮም ያለ ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራም ነው፤ ክፍተት የምለው ደግሞ አጥቂ የሚገባበትን የፕሮግራም ስህተት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ፒያሳ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት)፦ «የሜሞሪ ክፍተት» ሲባል ራም ያንሳል ማለት ነው?

አይደለም ወንድሜ። ራም ብትጨምርም አይድንም። ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ሜሞሪውን በሚይዝበት መንገድ ላይ ነው። አንድ ተከራይ ቤት ለቀቀ እንበል፤ ቁልፉ ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራየ። የድሮው ተከራይ መልቀቁን ረስቶ ማታ ይገባል፤ ማጀት ያገኘውን ይበላል። አዲሱ ተከራይ መርዝ አስቀምጦ ቢጠብቀውስ? ብራውዘሩ ያ ዘንጊ ተከራይ ነው። የለቀቀውን የሜሞሪ ቦታ ተመልሶ ይጠቀምበታል። አጥቂው ደግሞ ቀድሞ እዚያ ቦታ የራሱን ነገር ያስቀምጣል። ባለሙያዎች «ዩዝ አፍተር ፍሪ» ይሉታል። ጎግል በ2020 እንዳስታወቀው፣ ከክሮም ከባድ ክፍተቶች 70 ከመቶ ያህሉ የሜሞሪ ናቸው። ከእነዚያ ግማሽ ያህሉ ይኸው የቁልፉ ዓይነት ነው።

ጥያቄ (ማራኪ፣ ተማሪ)፦ ታዲያ ለምን አንዴ አይጨርሱትም?

የክሮም አብዛኛው ኮድ የተጻፈው ሲ ፕላስ ፕላስ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ሜሞሪውን መያዝም መልቀቅም የፕሮግራመሩ ኃላፊነት ነው፤ ሰው ደግሞ ይረሳል። ፋየርፎክስን በሚሠራው ሞዚላ ውስጥ ያደገው ረስት፣ በ2015 የመጀመሪያው የተረጋጋ ስሪቱ የወጣው ቋንቋ፣ እንዲህ ያለውን ስህተት ገና ኮዱ ሲዘጋጅ ይይዘዋል። ግን ሚሊዮኖች መስመር ኮድ በአንድ ጀምበር ወደ ሌላ ቋንቋ አይቀየርም። ረስትን አሁኑኑ ጀምረው፤ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ምንም ሳልነካ፣ ፎቶ በማየት ብቻ ልጠቃ እችላለሁ?

አዎ፣ ሆኗል። በመስከረም 2023 ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት የሚከፍተው ኮድ ላይ ክፍተት ተገኘ። ሆን ተብሎ የተበላሸ ፎቶ ሲመጣ፣ ኮዱ ካዘጋጀው ቦታ አልፎ ይጽፋል። ሲኒው ሞልቶ ረከቦቱ ላይ እንደሚፈስ ቡና ማለት ነው። ያንኑ ኮድ ክሮምም ፋየርፎክስም ኤጅም ይጠቀሙበት ነበር። ሁሉም በቶሎ አስተካከሉ። አጥቂዎች ግን ቀድመው ደርሰውበት ነበር።

ጥያቄ (አዘዞ፣ እናት)፦ ልጄ፣ ስልኬ ላይ ባንክ አለ። ላጥፋው?

አያጥፉት እናቴ። ብራውዘሩ ድረ ገጾችን አጥር ውስጥ ነው የሚከፍታቸው። አጥሩን ለመዝለል አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ክፍተት ያስፈልጋል። ልጆችዎን «ክሮምን አፕዴት አድርጉልኝ» ይበሏቸው።

ጥያቄ፦ አፕዴቱን በዜንደር ከጓደኛዬ ብቀበልስ? ዳታ ይቆጥብልኛል።

ተው! ፋይሉ ተነካክቶ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ከፕሌይ ስቶር ብቻ።

ጥያቄ (አራዳ፣ ኢንተርኔት ቤት)፦ እኔ ጋ ራሱ ያወርዳል። በቃኝ?

አልበቃህም። ኮምፒውተር ላይ የወረደው አፕዴት ብራውዘሩ ተዘግቶ እስኪከፈት አይሠራም። መብራት ካልሄደ በቀር ክሮም ለሳምንታት የማይዘጋባቸው ቤቶች አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ማታ ስትዘጋ ዝጋው።

ጥያቄ (እሱው)፦ ዊንዶውስ 7 ነው ያለኝ።

ክሮም 109 ላይ ቆሞብሃል። ከየካቲት 2023 ወዲህ አዲስ ስሪት አይመጣለትም። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ዊንዶውሱን ቀይረው። እስከዚያ ግን ደንበኞችህ ኢሜይልና ባንክ እንዳይከፍቱበት ንገራቸው።