ጥያቄና መልስ፦ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ፒክአፕ አየር የሚሰርቀው ከየት ነው?

አየር መስረቅ የምንለው፣ ከካርቡሬተሩ (ቤንዚንና አየር ከሚቀላቅለው ክፍል) አፍ ውጭ በሌላ ቀዳዳ አየር ወደ ሞተሩ ሲገባ ነው። ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት 2ኤፍ ሞተር ስላላቸው የላንድክሩዘር ኤፍጄ45 ፒክአፖች ናቸው፤ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ ቤንዚን። የሌላ መኪና ጥያቄ ሲሆን እዚያው ጠቅሰነዋል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ጠዋት በቾክ (አየር ቀንሶ ቤንዚን በሚያበዛው መዝጊያ) ጥሩ ይነሳል። ሲሞቅና ቾኩን ስመልሰው ግን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ የሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አይዝም፣ ይንቀጠቀጣል፣ መብራት ላይ ስቆም ይጠፋል። መንገድ ላይ ደህና ነው። ካርቡሬተሩ ታጥቧል፤ የሚኒሞ ቪቴውን (ማስተካከያ ብሎኑን) ወዲህም ወዲያም ቢያዞሩት ለውጥ የለም።

መልስ፦ በቾክ ደህና ሆኖ ቾክ ሲመለስ የሚታመም ሞተር ወይ ቤንዚን አንሶታል ወይ አየር በዝቶበታል። በመጀመሪያ ቀላሉን ያጣሩ። ካርቡሬተሩ ላይ ሽቦ የገባበት የሚኒሞ ነዳጅ መዝጊያ ሶሌኖይድ ካለ፣ ሞተሩን ሳያስነሱ ቁልፉን ከፍተው ሽቦውን ነቅለው ይሰኩት። «ጠቅ» ካላለ የሚኒሞ ነዳጅ ተዘግቷል ማለት ነውና ወደ ቱቦዎቹ መሄድ አያስፈልግም።

ጠቅ ካለ የኤር ክሊነሩን ክዳን አውርደው፣ በሚኒሞ እየሠራ፣ የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፍዎ ግማሽ ያህል ይሸፍኑ። ሞተሩ ከተረጋጋና ፍጥነት ከጨመረ አየር እየሰረቀ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። በሚኒሞ ጊዜ ቢራቢሮው (የነዳጅ ፔዳሉ የሚከፍተው የካርቡሬተር መዝጊያ) ሊዘጋ ጥቂት ስለሚቀረው ሞተሩ የሚስበው አየር ትንሽ ነው፤ የክብሪት እንጨት የምታሳልፍ ቀዳዳ እንኳ ድብልቁን ታበላሻለች። መንገድ ላይ ቢራቢሮው ሲከፈት ያው አየር ከብዙው ጋር ተቀላቅሎ አይታወቅም። የእርስዎ መኪና መብራት ላይ ብቻ የሚያስቸግርዎት ለዚህ ነው።

ከዚያ ከማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቧንቧ) እና ከካርቡሬተሩ ሥር የሚወጡትን የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ፣ አፉ በጨርቅ በተጠቀለለ ፒንሳ ቆንጠጥ ያድርጉ፦ የፍሬን ሰርቮ (የፍሬን ማገዣ)፣ የዲስትሪቢዩተር (የእሳት ማከፋፈያ)፣ የሞተር ጭስ መመለሻ (ፒሲቪ)። የሰርቮው ቱቦ ሲቆነጠጥ የሞተሩ ድምፅ መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ችግሩ እዚያ ነው። ፒሲቪው ግን በተፈጥሮው አየር የሚያሳልፍ ስለሆነ ሲቆነጠጥ ሞተሩ ትንሽ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። ፒሲቪ ቫልቩን ነቅለው ሲያናውጡት መንኳኳት አለበት፤ ዝም ካለ ተጣብቋል።

ቱቦ በብዛት የሚሰነጠቀው ብረቱ አፍ ላይ በሚሰካበት ጫፍ ነው። አጠፍ አድርገው ሲያዩት የፀጉር ያህል የቀጠኑ መስመሮች ይከፈታሉ። ርዝመቱ ከበቃ 2 ሳንቲሜትር ቆርጦ መልሶ መሰካት ይቻላል። የመስታወት ውኃ የሚያሄደውን ስስ ቱቦ ግን አይተኩበት፤ ሲሞቅ በቫኪዩሙ (በሞተሩ የመሳብ ኃይል) ተጨፍልቆ ይዘጋል። ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ሥራ የሌለው የማኒፎልድ አፍ ላይ የተደፋ የጎማ ቆብ ነው። ደርቆ ሲሰነጠቅ ከላይ አይታይም፤ በጣትዎ ዞር ያድርጉት።

ቀዳዳው ሳይገኝ ቪቴውን ማዞርም ሆነ ጂግለሩን (የቤንዚን ማሳለፊያ ቀዳዳውን) ማስፋት ይቅር። ቀዳዳው የተደፈነ ቀን ሞተሩ ቤንዚን ይበዛበታል።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ የቫኪዩም ጌጄ በሚኒሞ 12 ያሳያል። መመሪያዎች ሁሉ 18 እና ከዚያ በላይ ይላሉ። ሞተሬ አልቋል?

መልስ፦ አላለቀም። ያ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ በ1 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ስለሆነች 7 ወይም 8 ይቀነሳል፤ ባሕር ዳርቻ 18 እስከ 21 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ10 እስከ 13 ያሳያል። ያው መኪና ድሬዳዋ ቢወርድ 14 እና ከዚያ በላይ ይሰጣል። ጌጁን ከማኒፎልዱ ጋር በቀጥታ ያገናኙት፤ ከቢራቢሮው በላይ ያለው አፍ በሚኒሞ ምንም አያሳይም ለማለት ይቻላል።

ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌውን ጠባይ ይመልከቱ። ቀጥ ብሎ ከሚጠበቀው በ3 ወይም በ4 ካነሰ አየር ይሰርቃል፣ ወይም ታይሚንጉ (እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቷል። በየተራው እኩል እየቆጠረ ዝቅ የሚል ከሆነ የአንድ ሲሊንደር ቫልቭ ይጠርጠር። ታይሚንጉን ለማየት በፍላይዊሉ መስኮት የምትታየዋን ትንሽ የብረት ኳስ በታይሚንግ መብራት ይፈልጉ፤ 2ኤፍ ላይ በ650 ዙር ከጠቋሚው ፊት መምጣት አለባት፣ ያም 7 ዲግሪ ነው።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ መካኒኬ ቀዳዳውን ለመፈለግ በመርፌ ቤንዚን ይረጫል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ያስቁሙት። በዚህ ሞተር ላይ የጭስ ማኒፎልዱ ከአየር መሳቢያው ማኒፎልድ ሥር፣ በአንድ ጎን ነው ያለው። የተረፈው ቤንዚን የሚንጠባጠበው በጋለ ብረት ላይ ነው። በዚያው መርፌ የሞተር ዘይት ይጠቀሙ፤ ሞተሩ ለብ ሲል፣ መጋጠሚያው ላይ ጠብ ጠብ ያድርጉ። ጠብታው ወደ ውስጥ ሲሳብ ዓይንዎ እያየ ይጠፋል፣ ቀዳዳውን ለአፍታ ስለሚደፍነውም የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ለካርቡሬተሩ ሥርና ለቱቦዎቹ ውኃ ይበቃል፤ የጋለውን የጭስ ማኒፎልድ ግን ውኃ አያስነኩት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ የማኒፎልድ ጋስኬት በዓመት ሁለት ጊዜ ቀየርኩ፤ ያው ፉጨት ተመለሰ።

መልስ፦ ጥፋቱ የጋስኬቱ አይመስለንም። 2ኤፍ ላይ መሳቢያውና የጭስ ማኒፎልዱ መሐል ላይ እርስ በርስ ታስረዋል፣ ጋስኬቱንም ይጋራሉ። እርስ በርስ ጠብቀው ከታሰሩ በኋላ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ከተገጠሙ አንደኛው ሌላውን ይጎትተዋል። ስለዚህ የመሐሉን ብሎኖች ያላሉ፤ ሁለቱን ቴስታታው ላይ በእጅ ያስይዙ፤ ከመሐል ወደ ዳር፣ በሁለት ሦስት ዙር ያጥብቁ፤ የመሐሉን መጨረሻ ያጥብቁ። አንዴ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ደግመው ይፈትሹ።

ከመግጠምዎ በፊት ቀጥ ያለ ብረት በማኒፎልዶቹ መግጠሚያ ፊት ላይ አጋድመው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይዩ። የሚያሳልፍ ከሆነ ሁለቱንም እንደታሰሩ ቶርኖ ቤት ወስደው አንድ ላይ ያስላጡ። ሌላም አለ፦ አንዳንዱ ብሎን በወፍራም ሮንዴላው የሁለቱንም ጠርዝ ይጫናል። ሁለቱ ማኒፎልዶች ከተለያየ መኪና የመጡ ከሆኑና የጠርዛቸው ውፍረት ካልተመጣጠነ ሮንዴላው ወፍራሙን ብቻ ይይዛል፣ ቀጭኑ አየር ይሰርቃል።

ጥያቄ (ከጅማ)፦ ፍሬን ስይዝ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ፔዳሉም ጠንካራ ሆኗል።

መልስ፦ ይህ ከሚኒሞ ጉዳይ ይቀድማል፤ እስኪጣራ መኪናውን ረጅም መንገድ አይውሰዱት። ሞተሩን ያጥፉ፣ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ይርገጡ፣ ከዚያ ረግጠው እንደያዙ ያስነሱ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ መውረድ አለበት። ካልወረደ ሰርቮው ቫኪዩም አያገኝም ወይም ተቀዷል። ቱቦው ላይ ያለችውን ቫልቭ ነቅለው ይንፉባት፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ አለባት። ፔዳሉን ይዘው ሳሉ ፉጨቱ የማያቋርጥ ከሆነ የሰርቮው ዲያፍራም አልቋል። የፍሬን ዘይትም ውጭ ሳይፈስ የሚጎድል ከሆነ ከዋናው ፓምፕ ወደ ሰርቮው እየገባ ይሆናል፤ ሁለቱም ይታዩ።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ሃይሉክስ፣ 22አር ሞተር። ጋስኬትና ቱቦ ሁሉ አዲስ ነው፤ ሚኒሞው ግን አንዴ ይወጣል አንዴ ይወርዳል።

መልስ፦ የቢራቢሮውን ዘንግ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት። ቢንቀሳቀስ፣ ጫፉ ላይ ጠብታ ዘይት ሲያደርጉም ሞተሩ ድምፁን ቢለውጥ፣ የዘንጉ ቀዳዳ ሰፍቷል። መፍትሔው ቶርኖ ቤት የነሐስ ቡሺንግ ማስገባት ነው። የቢራቢሮው ትንንሽ ቪቴዎች ሲመለሱ አዲስ ይሁኑ፣ እንዳይላሉም ጫፋቸው ይመታ፤ አንዷ ብትወልቅ ሞተሩ ይውጣታል።

ጥያቄ (ከመቀሌ)፦ ይህ ሁሉ ለናፍታ ሃይሉክስ ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የናፍታ ሃይሉክሱ ኤል ሞተር ለሰርቮው ቫኪዩም የሚያገኘው ከዲናሞው ጀርባ ካለ ፓምፕ ነው። የናፍታ ሞተር አየር ሳበ ሲባል ብዙውን ጊዜ በነዳጅ መስመሩ የገባ አየር ነው።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ በካርቡሬተሩ ሥር ከጋስኬት ይልቅ ሲሊኮን ብንቀባስ?

መልስ፦ አይቀቡ፤ ተራ ሲሊኮን በቤንዚን ያብጥና ይላላል፣ ቁራሹም ወደ ውስጥ ይሳባል። የካርቡሬተሩን እግር ጠፍጣፋ መስታወት ላይ በተዘረጋ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አስተካክለው፣ ሙቀት ከልካዩን (ከካርቡሬተሩ ሥር የሚገባውን ወፍራም ገበታ) ሳይተዉ በሁለቱም በኩል አዲስ ጋስኬት ያድርጉ። ዳዶዎቹን በሰያፍ፣ በአጭር መፍቻ ያጥብቁ፤ በረጅም መፍቻ የተጠበቀ እግር ጆሮው ይጎብጣል።