ሌሊት ባዶ የሚሆን ባትሪና «ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ደረሰኝ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ ነዋሪ ነኝ። ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ስንሄድ ከቤተሰቤ ጋር የምናድርበት በመኪና የሚጎተት ካራቫን አለኝ። የኤሌክትሪክ መስመሩን አንድ ጋራዥ በቃል ስምምነት እንደ አዲስ ዘረጋልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን 100 አምፒር ሰዓት የሚይዘው ባትሪ ማታ ሞልቶ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል። ባትሪ ለወጥኩ፤ አዲሱም ያው ሆነ። ጋራዡ «የድሬዳዋ ሙቀት ነው» ይለኛል፤ በደረሰኙ ጀርባም «ለተሠራ ሥራ ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ታትሟል። የከፈልኩትንና የባትሪውን ዋጋ ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ የሚጠይቁበት የሕግ መሠረት አለዎት። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የሚወሰነው ባትሪውን የሚያወርደው ምን እንደሆነ በማስረዳትዎ ስለሆነ፣ ይህን መልስ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ሌላ ባለሙያ ሽቦውን እንዳይነካው አደራ እላለሁ።

ስምምነቱ በቃል መሆኑ አያሳስብዎት፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ሕጉ የጽሑፍ ውል አያስገድድም። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2610 መሠረት፣ ሥራውን በራሱ ኃላፊነት አከናውኖ የተወሰነ ውጤት ሊያስገኝ የተዋዋለ ሰው ዋጋ የሚቀበለው ለዚያ ውጤት ነው። የደረሰኙን ጽሑፍ በተመለከተ ደግሞ፣ ቁጥር 1686 አንድ ወገን ለሥራው በጠቅላላ ያወጣቸው ደንቦች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ዐውቆ የተቀበላቸው እንደሆነ ነው ይላል፤ ሥራው አልቆ ገንዘብ ከከፈሉ በኋላ በተሰጠዎት ወረቀት ጀርባ ላይ የታተመ ነገር ዐውቀው ተቀበሉት ለማለት ያዳግታል።

ከባዱ የማስረጃው ነገር ነው፤ በቁጥር 2001 መሠረት የማስረዳቱ ሸክም በእርስዎ ላይ ነው። ሙቀት የባትሪን ዕድሜ እንደሚያሳጥር እውነት ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚታየው በወራት ውስጥ እንጂ አዲስ ባትሪን በአንድ ሌሊት ባዶ በማድረግ አይደለም። 100 አምፒር ሰዓት በ10 ሰዓት ውስጥ እንዲያልቅ 10 አምፒር ገደማ ሲሳብ ማደር አለበት፤ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራ ማቀዝቀዣ በ12 ቮልት፣ ማለትም በባትሪው ላይ ሲተው የሚስበውም ይህንኑ ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር በቅንነት እጠይቅዎታለሁ፦ ማቀዝቀዣውን በባትሪ ላይ ትተው ያድራሉ? ትተውት የሚያድሩ ከሆነ ጋራዡ ጥሩ መከላከያ አለው። ሞተር ሲጠፋ ማቀዝቀዣውን የሚቆርጥ ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እንዲገባ ተስማምታችሁ ሳለ፣ ሽቦው ያለ ሪሌና ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር ታስሮ ከተገኘ ግን ጥፋቱ የጋራዡ ነው፤ ፊውዝ የሌለው መስመር ልጆች በሚተኙበት ካራቫን ውስጥ እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል እስኪስተካከል ድረስ የኔጋቲቩን ገመድ ነቅለው ያስቀምጡ።

ምርመራውን ገለልተኛ ባለሙያ፣ የጋራዡ ሰው በጽሑፍ ተጠርቶ በተገኘበት ያድርገው። ሁሉም ነገር ጠፍቶ ሳለ ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) በኔጋቲቩ ገመድና በባትሪው መካከል አስገብቶ አምፒሩን ያንብብ፤ ቴስተሩ ብዙውን ጊዜ ከ10 አምፒር በላይ ስለማይችል አስቀድሞ ይህን ያረጋግጥ። ከዚያም ፊውዞቹን አንድ በአንድ እየነቀለ የትኛው ሲነቀል ቁጥሩ እንደሚወርድ ይመዝግብ፤ ፊውዝ የሌለውን መስመር ከባትሪው እየፈታ ይፈትሽ። ሽቦው ከመነካቱ በፊት ፎቶ ይነሣ፤ ባለሙያውም ያገኘውን ጽፎ ይፈርምበት፤ ኋላ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላልና።

ከዚያ በቁጥር 1772 መሠረት ጋራዡ ሥራውን በተመጣጣኝ ጊዜ ውስጥ እንዲያስተካክል በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡት፤ ቅጂው ላይ መቀበሉን ያስፈርሙ፣ አልፈርምም ካለ በምስክሮች ፊት ይስጡት። ካላስተካከለ ኪሳራ መጠየቅ ይችላሉ፤ የሁለተኛው ባትሪ ዋጋም በዚህ ውስጥ ይገባል። ሦስተኛ ባትሪ ግን አይግዙ፤ ቁጥር 1802 ተጎጂው ራሱም ጉዳቱን እንዲቀንስ ግዴታ ይጥልበታል፤ መንስኤውን እየጠረጠሩ የገዙትን ባትሪ ፍርድ ቤት ላያስከፍልልዎት ይችላል።

ስምምነት ካልተገኘ ክስዎን በድሬዳዋ ለሚያስችለው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያቀርባሉ። የመጀመሪያውንም ባትሪ፣ ዋጋ የለውም ብለው ለቁራሌው እንዳይሸጡት፤ ምርመራው ሊፈልገው ይችላል።