ኃጢአት ነው ወይስ ወንጀል? ጥያቄው አንድ አይደለም

የአንባቢያችን ጥያቄ፦ «አማኝ ነኝ። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት ከጓደኛዬ ጋር ስንከራከር 'ሕገ መንግሥት እያወራን ጥቅስ አታምጣብኝ' አለኝ። እውነት በሕግ ክርክር ሃይማኖት ቦታ የለውም? አንድ ሀገር ጋብቻውን ቢፈቅድስ፣ ካህናት አጋቡ ተብለው ይገደዳሉ?»

ወንድሜ፣ ጓደኛህ በአንዱ ልክ ነው፣ በሌላው ተሳስቷል። አንተ ጥቅስ የመጥቀስ ሙሉ መብት አለህ። መስበክ፣ መጻፍ፣ እምነትህ በሚልህ መሠረት ድምፅ መስጠት፣ ሁሉም ይቻላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን በመላ ሀገሪቱ ሲፈቅድ እንኳ፣ ይህን የሚቃወሙ አማኞች ማስተማራቸውን እንዲቀጥሉ ሕገ መንግሥቱ ይጠብቃቸዋል ብሎ በዚያው ፍርድ ላይ ጽፏል።

ጥቅሱን የፍርዱ መሠረት ማድረግ የማይችለው ዳኛው ነው። መንግሥትና ሃይማኖት በተለያዩበት ሀገር ዳኛው «ኃጢአት ነው ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው «መንግሥት ይህን ሰው ለማሰር ወይም መብት ለመንፈግ ምን ምክንያት አለው?» ብሎ ነው። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2005፣ ዳኛ አልቢ ሳክስ በጻፉት ፍርድ፣ ሃይማኖት በሕዝብ ሕይወት ውስጥ ያለውን ትልቅ ቦታ ካከበረ በኋላ ሕገ መንግሥትን ለመተርጎም ግን የሃይማኖት አስተምህሮ ምንጭ አይሆንም ብሏል። (በነገራችን ላይ «ግብረ ሰዶም» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሪት ዘፍጥረት ታሪክ የመጣ ነው። ገና ክርክሩ ሳይጀመር ፍርድ ይሰጣል። ስለ ሕግ ስጽፍ የማልጠቀምበት ለዚህ ነው።)

የሃይማኖት ክርክር ፍርድ ቤት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ «የሕዝብ ሞራል» በሚለው በር ነው። በ1981 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን የሚቀጣውን የሰሜን አየርላንድ ሕግ ሲያይ፣ ድርጊቱ ብዙ ሰው ቢያስደነግጥም አዋቂዎች ተስማምተው በግላቸው የሚያደርጉትን በወንጀል ለመቅጣት ያ ብቻውን አይበቃም አለ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 ከዚህም አልፎ ሄደ። ከ1860 ጀምሮ በቅኝ ገዢዎች ሕግ ውስጥ የነበረው፣ ግንኙነቱን በወንጀል የሚቀጣው አንቀጽ 377 ፈቃደኛ በሆኑ አዋቂዎች ላይ እንዳይሠራ ሲያደርግ፣ ከብዙኃኑ ሞራል በላይ «ሕገ መንግሥታዊ ሞራል»፣ ማለትም ሕገ መንግሥቱ የቆመባቸው እሴቶች፣ አለ አለ። ኬንያ ውስጥ ግን ውጤቱ ሌላ ነው። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2019 ተመሳሳይ አቤቱታ ውድቅ አደረገ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሀገሪቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 45 ሲሆን፣ እሱም ጋብቻን ከተቃራኒ ፆታ ጋር ብሎ በቃል አስቀምጦታል። በሳምንታት ልዩነት የቦትስዋና ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተቃራኒውን ወሰነ፣ በ2021ም በይግባኝ ጸና። ስለዚህ ማንም «ሕገ መንግሥት እንዲህ ይላል» ሲልህ የትኛው ሕገ መንግሥት፣ የትኛው አንቀጽ ብለህ ጠይቀው።

እኔን የሚያሳምነኝ የህንዱ ነው። መብት በብዙኃኑ ስሜት የሚለካ ከሆነ፣ አንተም በቁጥር አናሳ በሆንክበት ሀገር እምነትህ በዚያው ሚዛን ይወድቃል። ይህን ሳስብ ያመኛል፣ ምክንያቱም ስለ እምነታቸው የታሰሩ ሰዎች ያነሱት መከራከሪያም ይኸው ነበር።

ወደ ካህናቱ ልምጣ። አይገደዱም። ፍርድ ቤቶች የሚያወሩት መንግሥት ስለሚመዘግበው ጋብቻ ነው፤ ተክሊልና ኒካህ ሌላ ነገር ናቸው። እንግሊዝና ዌልስ በ2013 ጋብቻውን ሲፈቅዱ፣ የትኛውም የሃይማኖት ድርጅት እንዲያጋባ አይገደድም ብለው በሕጉ ውስጥ አስገብተዋል። የመንግሥት ሠራተኛ ግን እንደ ካህን አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በ2006 ሕጓ የመንግሥት አጋቢዎች በኅሊና ምክንያት እምቢ እንዲሉ ፈቅዳ ነበር፤ በ2020 አነሳችው። ልክ ነው እላለሁ፣ ደመወዙን የሚከፍለው ሁሉም ዜጋ ነውና።

የሚከብደው ነጋዴው ጋ ነው። በ2018 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻን ደግፉ የሚል ጽሑፍ ኬክ ላይ አንጽፍም ላሉ ባለ ዳቦ ቤቶች ፈረደላቸው። የተቃወሙት መልእክቱን እንጂ ደንበኛውን አይደለም፣ ማንም ቢጠይቃቸው እምቢ ይሉ ነበር ብሎ። ያንኑ ሰው ተራ ዳቦ አልሸጥልህም ቢሉት ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር።