ልጃችን «ልከተብ» ይላል፤ አባቱ እምቢ አለ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የ14 ዓመት ልጃችን የኮቪድ ክትባት ካልወሰድኩ ብሎ አስጨንቆናል። እኔና ባለቤቴ ተከትበናል። የልጁ ነገር ሲነሳ ግን ባለቤቴ «መካን ያደርጋል ይባላል፤ ገና ልጅ ነው፣ ምን አስቸኮለው?» ይላል። በቀደም ልጁ «ያለ እናንተ ፈቃድም መከተብ እችላለሁ» አለው፤ ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። አብራን የምትኖረው እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ደብቄ ላስከትበው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብቀሽ አታስከትቢው። ልጁ ቢከተብ ደስ ከሚላቸው አንዷ ነኝ። ነገር ግን የክትባቱ ዕለት ማታ ትኩሳት ቢይዘው ለአባቱ ምን ልትዪው ነው?

ባለቤትሽ ራሱ ተከትቦ ልጁን መከልከሉ ግራ አጋብቶሽ ይሆናል። ሰው በራሱ ላይ የሚደፍረውን በልጁ ላይ አይደፍርም። በሥነ ልቦና ጥናት ደጋግሞ የታየ ነገር አለ፦ ዝም ብለን በመቀመጣችን ከደረሰ ጉዳት ይልቅ በገዛ እጃችን ባደረግነው የመጣው የበለጠ ያንገበግበናል። ልጁ በኮቪድ ቢታመም «የመጣ መዓት ነው» ይባላል። ከመርፌው በኋላ ቢታመም ግን አባት «እኔ ነኝ ያስወጋሁት» እያለ ራሱን ሲከስስ ይኖራል። የመካንነቱ ወሬ ሰሚ ያገኘው ይህ ፍርሃት ስላለ ነው። ወሬውን ብቻ ብታስተባብዪ ፍርሃቱ ሌላ ወሬ ይፈልጋል። ስለዚህ አስቀድመሽ «ምን ይደርስበታል ብለህ ነው የምትፈራው?» በዪው፤ ጨርሶ እስኪናገር አታቋርጪው።

ከዚያ እውነቱን ሳትሸራርፊ ንገሪው። ክትባቱ መካን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ኤፍዲኤ የሚባለው የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በሜይ 2021 የፋይዘርን ክትባት ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉት የፈቀደው 2,260 ልጆች የተሳተፉበት ሙከራ ታይቶ ነው። በሙከራው ክትባት የሌለበት መርፌ ከተወጉት 18ቱ በኮቪድ ሲታመሙ፣ ሁለቱን ክትባት ከጨረሱት አንድም አልታመመም። የልብ ጡንቻ ብግነት የሚባለውንም አትደብቂው። በተለይ ወጣት ወንዶች ላይ፣ ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ባሉት ቀናት፣ እጅግ ጥቂት በሆኑት ይታያል፤ አብዛኞቹም ይድናሉ። ኮቪድ ራሱም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል። አንቺ ሸሽገሽው ነገ ከሌላ ሰው ከሰማው የነገርሽውን ሁሉ ይጠራጠራል።

ልጅሽስ? መከተብ ለምን እንደፈለገ በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ጠይቂው። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ለራሳቸው ጤና ብዙም አይሰጉም። ለክትባት የሚያነሳሳቸው ብዙ ጊዜ የሚወዱት ሰው ነው፤ ወይም በኮምፒውተር ፊት ያለቀው የትምህርት ዓመት፣ የናፈቁት ኳስና ጓደኞቻቸው። ምናልባት ልጅሽ «በእኔ ምክንያት አያቴ ብትሞትስ?» እያለ ብቻውን ሲጨነቅ ከርሞ ይሆናል። አባቱ የሰማው ግን «ያለ እናንተ ፈቃድ» የሚለውን ብቻ ነው፤ እንደ ድፍረት ቆጠረው። ምክንያቱን ከልጁ አፍ ቢሰማ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል ብዬ አምናለሁ።

ልጅሽ የጠቀሰው ሕግ በእርግጥ ነበረ። በዲሲ ከማርች 2021 ጀምሮ 11 ዓመት የሞላው ልጅ፣ የክትባቱን ጥቅምና ጉዳት መረዳት ከቻለ፣ ራሱ መፍቀድ ይችል ነበር፤ በማርች 2022 ግን የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን ለጊዜው አገደው። ስለዚህ ይህን ሕግ አባቱን ማስፈራሪያ እንዳያደርገው ምከሪው።

ሦስታችሁም ወደ ሐኪሙ ሂዱ። ጥያቄውን ባለቤትሽ ይጠይቅ፤ አንቺ በመሃል አትግቢ። ቀጠሮ ስትይዢ አማርኛ አስተርጓሚ እንዲኖር ጠይቂ። ልጁ ለአባቱ እያስተረጎመ ስለ ራሱ ክትባት ሊያስወስን አይገባም፤ አባትን ያሳንሳል፣ ለልጁም ሸክም ነው። እስከዚያው ልጁ አያቱ ዘንድ ሲቀመጥ ጭምብል ያድርግ፣ መስኮትም ይከፈት።

ከሐኪሙም በኋላ ባለቤትሽ በእምቢታው ከጸና፣ ልጁም በፍላጎቱ ከጸና፣ «አብሬው እሄዳለሁ» ብለሽ ቀኑንና ሰዓቱን ጭምር ለባለቤትሽ ፊት ለፊት ንገሪው። ልምጣ ካለም አትከልክዪው።