«በቡና አተላ ከጀመርኩ እዚያው ታስሬ እቀራለሁ?»

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ረጅም ስለሆነ፣ ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«እትዬ፣ የምኖረው ጅማ፣ ሒርማታ ነው። ዘንድሮ በኬሚስትሪ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌያለሁ። የመመረቂያ ሥራዬ ከቡና አተላ ዘይት አውጥቶ ባዮዲዝል፣ ማለትም በናፍጣ ፋንታ የሚያገለግል ነዳጅ፣ መሥራት ነበር። አድቫይዘሬ ‹ለአንድ ዓመት የላብራቶሪ ረዳት ሆነሽ ቀጥዪ› አሉኝ። ክፍያው ትንሽ ነው። አጎቴ ደግሞ ባንክ ሥራ አግኝቶልኛል። ካናዳ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‹ሁለቱንም ተይ፣ ቤት ሆነሽ ስኮላርሺፕ ጠብቂ› ይላል። ሁለት ሱቅ ያለው አባቴ ‹አስተምሬሻለሁ፣ አሁን ተራው ያንቺ ነው› ይለኛል። የእኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። ታናሽ ወንድሜ የሚጥል በሽታ አለበት። አንጎልን በኤሌክትሪክና በማግኔት ስለማነቃቃት ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመቴ ነው። በነዳጅ ኬሚስትሪ ከጀመርኩ እዚያው ታስሬ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። እንግሊዝኛዬም፣ 3.1 የሆነው ውጤቴም፣ 24 የሆነው ዕድሜዬም ያሳስበኛል።»

እህቴ፣ ከዚህ ሁሉ «እዚያው ታስሬ እቀራለሁ» ያልሽው አልፋታ አለኝ። ይህን ፍርሃት ከብዙ ተማሪ አፍ ሰምቻለሁ። ጎበዝ ጎበዝ ልጆችን ከላብራቶሪ በር ሲመልስም አይቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ በብዛት የምጽፍልሽ ስለሱ ነው።

የራስሽን ሥራ አስቢ። አተላውን ከጀበና ቡና ሻጮች ሰብስበሽ አደረቅሽ። ሄክሴን በሚባል ሟሟ ዘይቱን አወጣሽ። ከደረቁ አተላ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማው ዘይት ነው። እዚያ ላይ ቸኩለሽ ዘይቱን ወደ ባዮዲዝል የሚለውጡትን ሜታኖልና ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ብትጨምሪ ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዘይቱ ውስጥ ነፃው ፋቲ አሲድ ከበዛ ሳሙና ይሆንብሻል፤ ባዮዲዝሉ አብሮት ከሚወጣው ግሊሰሪን አልለይ ይላል። ስለዚህ አስቀድመሽ አሲዱን በቲትሬሽን፣ ማለትም ቤዝ በጠብታ እየጨመርሽ፣ ለካሽ። ከዚያም በፊት ዘይት የሌለበትን ሟሟ ብቻውን ለካሽ። ብላንኩን ማለቴ ነው። እሱን ካልቀነስሽ ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ቁጥር ሁሉ አይታመንም።

አሁን ወደ አንጎሉ እንምጣ። ቲዲሲኤስ የሚባለውን ዘዴ ሳታነቢ አትቀሪም። 1 ወይም 2 ሚሊአምፔር የሆነ ደካማ ኤሌክትሪክ፣ በጨው ውሃ በራሰ ስፖንጅ በኩል፣ ለ20 ደቂቃ ያህል ጭንቅላት ላይ ይለቀቃል። ታካሚው «ተሻለኝ» ቢል በኤሌክትሪኩ ነው ወይስ ሰው ቁጭ ብሎ ስላስታመመው? ይህን ለመለየት ተመራማሪዎቹ ለተወሰኑት ሰዎች የማስመሰያ ዙር ይሰጣሉ። ማሽኑ ለጥቂት ሰከንድ ቆዳቸውን ያሳክካቸውና ይጠፋል። እነሱ ግን እንደበራ ነው የሚያስቡት። እሱም ያንቺው ብላንክ ነው።

በደም ናሙና ውስጥ የወባ ጥገኛ ተሕዋስያንን ዲኤንኤ በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን እያባዛ በሚያሳይ ዘዴ፣ የሚፈልግ ሰውም ከቱቦዎቹ አንዷ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጨምራል። በውሃዋ ቱቦ ውስጥ ምልክት ከታየ የዚያ ቀን ውጤት ይጣላል። ነዳጅ በይው፣ አንጎል በይው፣ ደም በይው፣ ሦስቱም ቤት ውስጥ ሰው ጠዋት ተነስቶ የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ዛሬ ራሴን እያታለልኩ ይሆን?

እኔ ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ላብራቶሪ የገባሁት ዕቃ አጣቢ ሆኜ ነው። ሁለት ዓመት ቱቦና ብልቃጥ አጥቤያለሁ። ከዚያ ረዳት፣ ከዚያ ቴክኒሻን ሆንኩ፤ ማስተርሴን የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ጊዜ በፒሲአር ውጤት ወረቀቴ ላይ፣ በውሃዋ ቱቦ ቦታ፣ ደብዘዝ ያለ መስመር ታየኝ። የሌላው ናሙና ውጤት ግን በጣም ያምር ነበር። ለማንም ሳልናገር ላልፈው ፈለግሁ። አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን መጡና ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዘው አዩት። «ልጄ፣ ይቺን ምን አደረግሻት?» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የሦስት ሳምንት ሥራዬን ጥዬ እንደገና ጀመርኩ። ዛሬ ሰው ስመክርም፣ ሪፖርት ሳነብም እሳቸው ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። ይህን ልማድ የትኛውም ርዕስ ላይ ልትወስጂው ትችያለሽ። ቤት ተቀምጦ ግን አይለመድም። ባንክም አያስለምድም።

ታስረው ያልቀሩ ሰዎችን ከፈለግሽ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ የሄዱት ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። የጥገኛ ተሕዋስያኑ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ የእንዶድን ፍሬ ኬሚስትሪ ይዞ ዓለምን ዞረ። ሰውን የሚያስረው ርዕስ ቢሆን ኖሮ ቀንድ አውጣ ሲቆጥሩ በኖሩ ነበር።

አንቺ የምትወጂው ዘርፍም የተጀመረው በአንጎል ሐኪሞች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሼፊልድ ውስጥ ከጭንቅላት ውጪ በተቀመጠ የማግኔት መጠምጠሚያ አንጎልን ማነቃቃት እንደሚቻል ከባልደረቦቹ ጋር ያሳየው አንቶኒ ባርከር የሕክምና ፊዚክስ ሰው ነበር። በ2008 አሜሪካ ውስጥ ለድብርት ሕክምና የተፈቀደው መሣሪያ የዚያ ሥራ ልጅ ነው።

ኬሚስትም እዚያ ቤት ቦታ አለው። ብረት በቀጥታ ቆዳ ላይ አድርገሽ ኤሌክትሪክ ብትለቂበት ብረቱና ላቡ ሲገናኙ አሲድና ቤዝ ይፈጠራል፤ ቆዳም ይቃጠላል። ስፖንጁና የጨው ውሃው የገቡት ለዚህ ነው። ይህ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ነው፤ ተምረሽዋል። ሌላ ደግሞ ልንገርሽ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚያነበው የኢኢጂ ቆብ የተሠራው ለስላሳ ፀጉር ታስቦ ነው። ከርዳዳ ፀጉር ላይ፣ ሹሩባ ላይ በደንብ አይቀመጥም። ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 በሹሩባ መስመሮች መካከል ገብቶ የሚያዝ ኤሌክትሮድ ሠርተው አሳይተዋል። ይህን ሳነብ የታወሱኝ ጅማ ውስጥ በየሰፈሩ ሹሩባ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የኤሌክትሮድ ጄልና ቁሳቁስ የሚያውቅ ኬሚስት፣ ፀጉሩንም የሚያውቅ ሰው፣ በአንድ ሰው ላይ ሲገኝ ምን ሊሠራ እንደሚችል አስቢው።

ደግሞ ያለሽበትን ከተማ አትናቂ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የግብርና ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው የሆነ ነው። የዓለም የምግብ ሽልማትን በ2009 ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የተማሩት በዚያ የግብርና ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ የቡናው ሰው፣ የባዮሜዲካል ኢንጂነሩና የአእምሮ ሐኪሙ ያሉት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ከአንዱ ግቢ ወደ ሌላው በባጃጅ ትደርሻለሽ። ዩኒቨርሲቲዎቻቸው ውስጥ የእነዚህ ክፍሎች ሰዎች ሳይተዋወቁ ጡረታ የሚወጡባቸው ሀገሮች አሉ።

ስለዚህ አድቫይዘርሽ ያቀረቡልሽን ሥራ ያዢ። ግን ከመፈረምሽ በፊት አራት ነገር ጠይቂ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ከሥራው የሚወጣ ጽሑፍ ላይ ስምሽ እንደሚገባ ከአሁኑ ተነጋገሩ። የጋዝ መምጠጫው የሚሠራ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ አረጋግጪ፤ ሜታኖል ዓይን ያጠፋል፣ ትነቱም መርዝ ነው። ከሳምንቱ ግማሽ ቀን ወደ ባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ ሰዎች ሄደሽ ኢኢጂ ሲቀዱ እንድታዪ ይፍቀዱልሽ። ይህን መጨረሻውን የሚከለክል አድቫይዘር ካለ ለእኔ ጻፊልኝ።

አሁን ስለ ገንዘቡ፤ እዚህ ላይ ሳልሸፋፍን ልናገር።

ቤታችሁ የሚበላ ካጣ ባንኩን ውሰጂ። ማንም አይፈርድብሽም፤ እኔም አልፈርድብሽም። ግን ቤታችሁ የሚበላ አላጣም። አባትሽ ሁለት ሱቅ እንዳላቸው የጻፍሽልኝ አንቺው ነሽ። «ተራው ያንቺ ነው» ሲሉ የቸገራቸው ብር አይመስለኝም። ልጃቸው ምን ላይ እንደደረሰች ጎረቤት ሲጠይቃቸው የሚመልሱት ያጡ ይመስለኛል። ባንክ በአንድ ቃል ይነገራል። ላብራቶሪ ረዳት ማስረዳት ይፈልጋል። እሱን ላስረዳቸው ብለሽ ቁጭ በይ። አንድ ዓመት እንደምትጠይቂ፣ ከደመወዝሽ በየወሩ ይህን ያህል ብር ለቤት እንደምትሰጪ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ምን እንደምታመለክቺ ንገሪያቸው። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም የተቆረጠ ይሁን። አባቶች ያልተቆረጠ ነገር ያስፈራቸዋል። ልብሽ ከፈራ እናትሽን ወይም የሚያከብሩትን ሰው ይዘሽ ግቢ።

አጎትሽ በደግነት ነው የለፋው፤ አመስግኚው። ባንክ ክፉ ሥራ አይደለም። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ ከባንክ ወደ ላብራቶሪ ሲመለሱ ያየሁት ሁለት ሰው ብቻ ነው። ደመወዙ ከፍ ሲል ኑሮውም አብሮ ከፍ ይላል፤ ከዚያ መውረድ ይከብዳል። «እታሰራለሁ» ብለሽ መፍራት ካለብሽ እዚያ ፍሪ።

ካናዳ ያለው ወንድምሽ ግን ተሳስቷል። ስኮላርሺፕ ቤት ቁጭ ብለው የሚጠብቁት እንግዳ አይደለም። የሚቀበሉሽ ሰዎች የሚጠይቁት የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ያ ደብዳቤ ደግሞ እጅሽን በሥራ ላይ ካየ ሰው መምጣት አለበት። ዓመት ሙሉ ቤት ለተቀመጠች ልጅ ማን ምን ብሎ ይጽፋል? እሱ «ጠብቂ» ካለ የመጠበቂያሽን ወጪ በየወሩ ይላክ። ካልላከ ምክሩን ብቻ አመስግነሽ ተቀበዪና እለፊ።

የቀሩትን ባጭሩ። እንግሊዝኛሽ በየቀኑ አንድ ገጽ የምርምር ጽሑፍ በማንበብና በራስሽ ቃል አሳጥረሽ በመጻፍ ይስተካከላል። 3.1 በር አይዘጋም፤ የታተመ ሥራና ጥሩ ደብዳቤ ያግዘዋል። 24 ዓመት ገና ልጅነት ነው፤ ይህን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

አንድ ነገር ግን ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አስደንግጦኛል። በ9 ቮልት ባትሪ ቤት ውስጥ ማነቃቂያ ሲሠሩ ቪዲዮ አይተሽ «ለወንድሜ ብሞክረውስ» ብለሻል። እንዳታደርጊው። በፍጹም። ማግኔቱም ሆነ ኤሌክትሪኩ በሠለጠነ ሰው እጅ፣ በልክ፣ ተጠንቅቆ የሚሰጥ ነገር ነው። በማግኔት ማነቃቃት አልፎ አልፎ ራሱ የሚጥለውን ነገር ሊቀሰቅስ እንደሚችል ይታወቃል። ለሚጥል በሽታ በሚገባ የተፈተነው መንገድ ሌላ ነው። ከአንጎል በአንገት በኩል ወደ ደረትና ሆድ የሚወርደውን የቬገስ ነርቭ የሚያነቃቃው መሣሪያ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 ተፈቅዷል፤ እሱም በቀዶ ሕክምና ደረት ላይ ከቆዳ ሥር የሚቀበር፣ መድኃኒት ብቻውን ላልበቃቸው ሰዎች የሚደረግ ነው። ወንድምሽ ፌኖባርቢታሉን በሰዓቱ እየወሰደ እንደሆነ ጽፈሻል። ያ ክኒን ርካሽ ስለሆነ አትናቁት። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንድም ቀን እንዳያቋርጥ፤ በድንገት ማቋረጥ ራሱ አደገኛ ነው።

ለወንድምሽ አሁን ልትሠሪለት የምትችይው ነገር አለ። አንድ ደብተር ግዢ። በጣለው ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ ሌሊቱን ምን ያህል እንደተኛ፣ ክኒኑን ወስዶ እንደነበር ጻፊ። ባልጣለው ቀንም ያንኑ ጻፊ፤ የምታወዳድሪው ከእሱ ጋር ነው። በቀጠሮው ቀን ደብተሩን ይዛችሁት ወደ ሐኪሙ ግቡ።